ሞዲፊኬሽን (የብድር ውል ማሻሻያ) ወርሃዊ ክፍያ ሊጨምር ይችላል?

ቤተኛ21፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ስላለ ቤት ነው። ቀሪ ብድር 300,000 ዶላር፣ ቋሚ ወለድ 3 በመቶ፣ 25 ዓመት ይቀረዋል። የስድስት ወር ውዝፍ አለበት። ሰርቪሰሩ (የብድሩን ክፍያ የሚሰበስበው ድርጅት) ሞዲፊኬሽን አድርጎ ወደ 40 ዓመት ሊያራዝመው ነው። ሌላ ድርጅት ደግሞ 3,500 ዶላር አስቀድመህ ክፈል፣ እኛ እንጨርስልሃለን ይላል። ከመፈረሜ በፊት ምን ልይ?

ሒሳብ_በእጅ፦
መጀመሪያ አዲሱ ወለድ ስንት እንደሆነ ጠይቅ። ያሁኑ ክፍያህ ያለ ታክስና ኢንሹራንስ 1,423 ዶላር ገደማ ነው። ያልተከፈለው ወለድና ሰርቪሰሩ የሸፈነልህ ታክስ ዋናው ዕዳ ላይ ሲደመር 309,000 ደረሰ እንበል። በ6.5 በመቶ፣ በ40 ዓመት ሲሰላ በወር 1,809 ይመጣል። ዓመቱ ተራዝሞም ክፍያው በ386 ዶላር ጨመረ፤ ለውዝፉ ወለድም ወለድ ትከፍላለህ። በ3 በመቶ የተያዘ ብድር በቀላሉ አይለቀቅም!

ገቢህ ከተስተካከለ ውዝፉ ብቻ ተነጥሎ ወደ መጨረሻ እንዲሄድ ጠይቅ። ብድሩ የፌኒ ሜይ ወይም የፍሬዲ ማክ (ከአበዳሪዎች የቤት ብድር የሚገዙ ድርጅቶች) ከሆነ "ፔይመንት ዲፈራል"፣ የኤፍኤችኤ (የመንግሥት ዋስትና ያለው) ከሆነ "ፓርሻል ክሌም" ይባላል። ሁለቱም ወለድ የላቸውም፣ የድሮው 3 በመቶም አይነካም። ግን ቤቱ ሲሸጥ ወይም ሪፋይናንስ ሲደረግ (በአዲስ ብድር ሲተካ) ያ ገንዘብ በአንዴ ይፈለጋል። ብድሩ የማን እንደሆነ ሰርቪሰሩን በጽሑፍ ጠይቀው።

ወረቀት_አይጥፋ፦
ለሰርቪሰሩ የምታስገባው የሞዲፊኬሽን ማመልከቻ የተሟላ መሆኑ ወሳኝ ነው። የፌዴራሉ ደንብ የቤቱን ሐራጅ የሚያስቆምልህ የተሟላው ማመልከቻ ከሐራጁ ቀን ከ37 ቀን በላይ ቀድሞ ከደረሰ ነው። አንድ የባንክ ስቴትመንት ገጽ ከጎደለ "አልተሟላም" ይሉሃል፣ ቀኑም ይቆጠራል። ባዶውን ገጽ ሳይቀር ላክ፣ የላክህበትን ማረጋገጫ ያዝ፣ "ተሟልቷል" የሚል ደብዳቤ እስኪመጣ ተከታተል። ከዚያ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ መስጠት አለባቸው።

ከጸደቀ ብዙ ጊዜ የሦስት ወር የክፍያ ሙከራ አለ። እዚያ ላይ አንድ ክፍያ ካመለጠህ ስምምነቱ ይፈርሳል። በሙከራው ጊዜም ብድሩ ውዝፍ ተብሎ ክሬዲትህ ላይ ሊመዘገብ ይችላል።

ሳሮን_ኬ፦
3,500ውን እንዳትከፍል፣ በእግዚአብሔር! እንዲህ ያለ ድርጅት ከአበዳሪህ የቀረበልህን ሐሳብ በጽሑፍ አሳይቶህ ሳትቀበል ገንዘብ መውሰድ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። (ጠበቆች ላይ ሕጉ ለየት ይላል።) "ለባንኩ መክፈል አቁም" ወይም "የቤቱን ባለቤትነት ለጊዜው በእኛ ስም አዙር" ካሉህማ ቤትህን ሊወስዱ ነው። ሀድ (የአሜሪካ የቤቶች ሚኒስቴር) ያጸደቃቸው አማካሪዎች ፎርሙን በነፃ አብረውህ ይሞላሉ።

ቤተኛ21፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታክሱና ኢንሹራንሱስ?

ሒሳብ_በእጅ፦
እነሱ በሞዲፊኬሽን አይቀንሱም፤ በየዓመቱ ኢስክሮው (ለታክስና ለኢንሹራንስ የሚጠራቀመው ሒሳብ) ሲታይ ከፍ ሊሉ ይችላሉ። የኢስክሮው ጉድለት ካለ በስንት ወር እንደሚከፋፈል ውሉ ላይ ፈልግ። 60 ወርና 12 ወር በወርሃዊ ክፍያህ ላይ ትልቅ ልዩነት አላቸው።