ሺንጂን አልቃሻ ያለው ማነው?

ሳሚ፦ ትናንት ማታ «ኢቫንጌሊዮን ሺንጂ የሚባል አልቃሻ ልጅ ሮቦት ላይ አስቀምጠው ጥልቅ ነው የሚሉን የጃፓን ካርቱን ነው» ብለህ የጠፋኸው ዳኒ፣ ና እስቲ። 26ቱንም ክፍል አይተሃል?

ዳኒ፦ አይቼ ነው የተናደድኩት። ዓለም ሊጠፋ ነው፣ እሱ አልሄድም ይላል።

ሳሚ፦ 14 ዓመቱ ነው እኮ! አባትየው ጥሎት ከርሞ ሲጠራው ናፍቆት አይደለም፤ ግባና ተዋጋ ሊለው ነው። አንተ እየዘፈንክ ትገባ ነበር?

ቤቲ፦ ደግሞ እንቢ ሲል የቆሰለችውን ሌላዋን የሮቦት አብራሪ ሬይን በአልጋ እየገፉ አመጡለት። እጁ ላይ ደሟን አይቶ ነው እሺ ያለው። አልቃሻ ይሄ ነው?

ዳኒ፦ የ1979ኙ የሮቦት ካርቱን ጋንዳም ላይ አብራሪው ልጅ አሙሮም ተነጫንጯል። ግን በጥፊ ብለውት ተነሳ። ይሄኛው በየክፍሉ ሀ ብሎ ይጀምራል።

ሳሚ፦ ዘጠነኛውን ክፍል ዘለልከው ማለት ነው። ከሌላዋ አብራሪ ከአስካ ጋር በሙዚቃ እየተናበቡ መልአክ የሚሉትን ጠላት በ62 ሰከንድ ጨረሱት። እዛ ማን አለቀሰ?

ዮኒ፦ ልቅሶውን ተዉት። ውጊያው አሪፍ ነው፤ የሮቦቱ የመብራት ገመድ ሲበጠስ ባትሪው አምስት ደቂቃ ብቻ መሆኑ ራሱ ልብ ይሰቅላል። ግን 22ኛው ክፍል ላይ ሊፍቱስ? ሬይና አስካ ደቂቃ ሊሞላ እስኪል ድርቅ ብለው ቆመዋል። ብር አልቆ ነው!

ቤቲ፦ ቢያልቅስ? ሬይ አፏን እስክትከፍት እኔ ነኝ የጨነቀኝ። መጨረሻው ጥፊ ነው።

ዳኒ፦ ቴሌቪዥኔ ቢበላሽም ጥበብ ነው ልትዪ ነው።

ዮኒ፦ 25 እና 26ስ? ሮቦት የለ፣ መልአክ የለ። ልጁ ወንበር ላይ ሆኖ ከራሱ ጋር ያወራል። ከዚያ ከበውት ያጨበጭባሉ፣ «እንኳን ደስ አለህ»። ለምኑ?

ሳሚ፦ ለሱማ በ1997 ፊልም ሠሩለት።

ዳኒ፦ ጭራሽ ፊልሙን ጠራህ? አስካ ብቻዋን ከዘጠኝ ኢቫ ሮቦት ጋር ስትፋለም የናንተ ጀግና ጉልበቱን አቅፎ ቁጭ። አልቃሻ!

ሳሚ፦ ኢቫው በጠጣር ነገር ተቀብሮ እንዴት ይግባ?

ሊያ፦ በኔትፍሊክስ ያያችሁ ዝም በሉ። በ2019 ሲያመጡት መዝጊያ ዘፈኑን አውጥተውታል።

ዳኒ፦ ዘፈን ስለጎደለ አላወራም?

ዮኒ፦ አስካ ራሷ ግን ጯሂ ናት።

ቤቲ፦ ዮኒ፣ አስካን ከነካህ ከግሩፑ አስወጣሃለሁ።