የዋይፋይ መሣሪያ ልየታ ፕሮፖዛል፦ ሁለተኛው ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ ረቂቁን ዛሬ እንዝጋው። ማክ አድራሻ፣ ማለትም የመሣሪያው የኔትወርክ መለያ ቁጥር፣ በደቂቃ ውስጥ ሊቀየር ይችላል። የሬዲዮው ባሕርይ ግን እንደዚያ አይቀየርም። የእያንዳንዱ መሣሪያ ክሪስታል፣ ፍሪኩዌንሲውን የሚወስነው ክፍል፣ ከትክክለኛው ፍሪኩዌንሲ ትንሽ ያፈነግጣል፤ በዚያ እንለያለን። የሚገዛው ሲግናሉን የምንቀበልበት 1 ሃክአርኤፍ፣ ከኮምፒውተር ጋር የሚሠራ ሬዲዮ፣ ነው። 30 ራውተር በውሰት።

ገንዘብ ያዥ፦ ሃክአርኤፉ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?

አባል፣ ፒያሳ፦ አርቲኤል ኤስዲአር የሚባለው መቀበያ አይሻልም? ርካሽ ነው።

ጸሐፊ፦ እሱ 1.7 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያበቃል። የተለመደው ዋይፋይ ከ2.4 ይጀምራል። ይሄን ባለፈው ጨርሰነዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ጥያቄዬ አልተመለሰም። የኦሲሎስኮፑን፣ የሲግናል መለኪያችንን፣ ነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

አባል፣ መርካቶ፦ እኔ ሱቅ ይቀመጥ። ዘበኛ አለ።

ጸሐፊ፦ ኦሲሎስኮፑም አንተ ሱቅ ነበር።

አባል፣ መርካቶ፦ ሌባ ልትለኝ ነው? በግልጽ ተናገራ! ተበላሽቶ ነው የመጣው፤ ማስጠገኛውን ከኪሴ ነው የከፈልኩት።

ገንዘብ ያዥ፦ ደረሰኝ አላየሁም።

አባል፣ ቦሌ፦ ሁለት ቁልፍ ያለው ሳጥን ይሠራ፣ አንዱ ሰብሳቢው ጋ፣ አንዱ ገንዘብ ያዡ ጋ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሳጥኑስ የት ይቀመጣል?

አንጋፋ አባል፦ ልጆች፣ ተረጋጉ። ዋናውን ነገር ረሳችሁት። ክሪስታል ሲሞቅ ፍሪኩዌንሲው ይንሸራተታል። ጠዋት የለካችሁት ራውተር ከሰዓት ሌላ ሊመስላችሁ ይችላል። መቀበያውም የራሱ ክሪስታል አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 ፓራዲስ የተባለው ጥናት ከ130 በላይ አንድ ዓይነት የዋይፋይ ካርዶችን ከ99 በመቶ በላይ በትክክል ለይቷል። የእኛ ረቂቅ ግን ስለ ሙቀት አንድ መስመር የለውም።

አባል፣ መርካቶ፦ ጋሼ ልክ ናቸው። ቴርሞሜትሩን እኔ አመጣለሁ። ቅድም ተናድጄ ነው።

ሰብሳቢ፦ ራውተሮቹን አመጣለሁ ያለው ልጅስ?

ጸሐፊ፦ መልእክቴን አይቶ ዝም ብሏል።

አባል፣ ፒያሳ፦ በየሰዉ ስልክ እንሥራዋ።

አንጋፋ አባል፦ ያለ ፈቃድ አይሆንም! ስልኮች አድራሻቸውን የሚለዋውጡት ባለቤቱን ሰዎች እንዳይከታተሉት ነው። እኛ ደግሞ ያንን መልሰን ልንገልጥ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ግዢው ይቅር። ለሆቴሎች የኔትወርክ ሠራተኞች ሥልጠና እንስጥ፣ ማክ አድራሻ ብቻ አትመኑ ብለን። ገቢም አለው።

አባል፣ ቦሌ፦ ሥልጠናውን እደግፋለሁ።

አባል፣ ፒያሳ፦ እኔም።

ጸሐፊ፦ ይሄ እኮ ሌላ ፕሮፖዛል ነው! ልኬት ነው ወይስ ሥልጠና? ልኬቱ ካልገባ ስሜን አውጡ።

ሰብሳቢ፦ ልኬቱ በሥልጠናው ውስጥ የግማሽ ቀን ማሳያ ሆኖ ይገባል። ሃክአርኤፉን በኪራይ እንፈልጋለን። ጸሐፊ፣ የማሳያውን ክፍል እስከ ዓርብ ጻፈው።