ከባልቲሞር በመርከብ ልንሄድ ነው፣ ነውር የሚባለው ምንድን ነው?

የሜሪላንዷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከባልቲሞር ወደ ባሃማስ ለ7 ሌሊት ክሩዝ ይዘናል። እማዬ 70 ዓመት ስለሞላት ነው። እህቶቼ፣ ባሎቻቸው፣ ልጆች፣ ሁላችን 11 ነን፣ አንዳችንም መርከብ ላይ አድረን አናውቅም። ስንሰበሰብ ድምፃችን ከፍ ይላል፣ ሰው ማስቸገር አልፈልግም። እማዬ ደግሞ ጀበናዬንና ዕጣኔን ካልያዝኩ አልሄድም ብላለች። ቲፕስ፣ ለሠራተኞቹ የሚሰጠው ጉርሻ ማለቴ ነው፣ እንዴት ነው? የሄዳችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሁለቴ የሄደች፦
እንኳን እናትሽን ለዚህ አበቃልሽ! ከጀበናው ልጀምር፣ አይሆንም። ከሰል፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ምድጃ፣ ካውያ እንኳ ሳይቀር ፍተሻ ላይ ይይዙታል። ባሕር መሃል እሳት ቢነሳ የት ይሮጣል? በ2006 ጃማይካ አቅራቢያ ስታር ፕሪንሰስ የምትባል መርከብ ተቃጥላ አንድ መንገደኛ ሞቷል፣ መነሻው በረንዳ ላይ የተጣለ ሲጋራ ሳይሆን አይቀርም ነው የተባለው። ስለዚህ የሚያጨስ ካለ የተፈቀደው ቦታ ሄዶ ያጭስ። ቁራጩንም ወደ ባሕር አይወርውር፣ ነፋሱ መልሶ የታችኛው ሰው በረንዳ ላይ ይጥለዋል።

መርከቧ ከመነሳቷ በፊት አደጋ ቢደርስ የት እንደምትሰበሰቡ የሚያሳዩበትን ልምምድ ደግሞ በሰዓቱ ጨርሱ። አንድ ቤተሰብ ሲዘገይ ሠራተኞቹ እየዞሩ ይፈልጋሉ። በ2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ ጣልያን ጠረፍ ላይ ዓለት መትታ ስትገለበጥ 32 ሰው አልቋል፣ ያን ቀን ከተሳፈሩት ከ600 በላይ የሚሆኑት ልምምዱን ገና አልሠሩም ነበር።

ስለ ድምፅ፣ የክፍሉ ግድግዳ ስስ ነው። «ደህና እደሩ» ከተባባልን በኋላ በር ላይ ቆመን ሌላ ግማሽ ሰዓት የምናወራው ነገር እዚያ አይሆንም፣ ጎረቤት ተኝቷል። ጨዋታው ሲደራ ወደ ላይኛው ወለል ውጡ፣ ቦታ ሞልቷል።

የቀድሞ አስተናጋጅ፦
መርከብ ላይ ምግብ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። ኮንትራቴ 8 ወር ነበር፣ በሳምንት 7ቱንም ቀን። ቲፑን አብዛኞቹ መርከቦች ራሳቸው ሂሳባችሁ ላይ ይጨምሩታል፣ ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ፣ በብዙዎቹ ለልጅም ጭምር። ለ11 ሰው ለ7 ቀን ከ1,200 ዶላር በላይ ነው፣ ብዙ ነው፣ ከአሁኑ በጀት ውስጥ አስገቡት። አንዳንዱ ሰው መጨረሻው ቀን ተሰልፎ ያስቀንሰዋል። እባክሽ እናንተ ይህን አታድርጉ። ክፍል የሚያነጥፈውም፣ ሳህን የሚያነሳውም ከዚያ ነው የሚደርሰው።

አገር ቤት እንደለመድነው አጨብጭባችሁ አትጥሩ። ስማችንና አገራችን ደረታችን ላይ ተጽፏል፣ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከሕንድ የመጣ ብዙ ነው። በስሜ ጠርታ «ልጆችህ ደህና ናቸው?» ያለችኝን አንዲት እናት እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ቡፌ ከመግባታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በር ላይ የሚሰጡት ሳኒታይዘር ኖሮቫይረስን፣ ያን ሰውን የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ ቫይረስ፣ በደንብ አይገድልም። ዳቦ በእጅ ነክቶ መመለስ የለም፣ ሁለተኛ ስትነሱ አዲስ ሳህን ያዙ። ልጅ ከታመመም አትደብቁ፣ ለክሊኒኩ ንገሩ።

የአትላንታው፦
ጠዋት በ12 ሰዓት 11 ወንበር ላይ ፎጣ ዘርግታችሁ ቁርስ እንዳትሄዱ። መርከብ ላይ ሰው እንደዚህ የሚጣላበት ነገር አላየሁም። ዳይፐር ያደረገ ሕፃንም ትልቁ ገንዳ ውስጥ አይገባም። ናሳው፣ የባሃማስ ዋና ከተማ፣ ስትወርዱ ደግሞ ከተባለው ሰዓት ቀድማችሁ ተመለሱ፣ መርከቧ አትጠብቅም።

የሜሪላንዷ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ማጨብጨቡን የታላቅ እህቴ ባል ያደርገዋል፣ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ። እማዬ ስለ ጀበናው ትንሽ ከፍቷታል። በምትኩ ዳቦ ቆሎ ጋግሬ ልያዝ እያለች ነው፣ ይቻላል? ረቡዕና ዓርብም ትጾማለች።

የቀድሞ አስተናጋጅ፦
ቤት የተጋገረ በብዙዎቹ አያስገቡም፣ ከሱቅ የተገዛ የታሸገ ቆሎ ግን ግድ የለም። ለጾሙ የመጀመሪያው ማታ ላይ ለአስተናጋጃችሁ «ቪጋን» በሉት፣ ቅቤና እንቁላልም እንደማይነካ ጨምሩበት። በዋዜማው ካወቀ ወጥ ቤቱ ለይቶ ያዘጋጅላቸዋል።