ኮርዶቼ ሁሌ አንድ ዓይነት ይሆኑብኛል፤ ምን ላድርግ?

ባለጊታሯ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጊታር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የራሴን ዘፈን መሥራት በጣም እወዳለሁ። ችግሬ ግን ይኸውላችሁ፤ ጊታሩን ባነሳሁ ቁጥር እጄ በራሱ ወደ ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር እና ኤፍ ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ይሄዳል። ግጥሙ ይለያያል፣ ኮርዱ ግን ያው ነው። ሰሞኑን ሦስት ዘፈኖቼን በተከታታይ ለጓደኛዬ ተጫወትኩላት። «ሦስቱም አንድ ዘፈን መሰሉኝ» አለችኝ። ቅር አለኝ፣ ግን እውነቷን ነው።

ቲዎሪ ብዙ አላውቅም። በአንድ ኪይ (ዘፈኑ የተመሠረተበት የድምፆች ቤተሰብ) ውስጥ የትኞቹ ኮርዶች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ከዚያ አያልፍም። እንግዳ ኮርድ መሀል ላይ ስከት ደግሞ የተሳሳትኩ ነው የሚመስለው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የቤዝ ሰው፦
እህቴ፣ አዲስ ኮርድ ከመፈለግሽ በፊት ያሉሽን አራቱን እንያቸው። አሁን ስትጫወቺ የታችኛው ድምፅ (ቤዙ) ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ነው። እንዲራመድ አድርጊው።

ከቀጭኑ ክር እየቆጠርን እንሂድ። ሲ ኮርድ ላይ ቤዙ 5ኛው ክር፣ 3ኛ ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረቶቹ የተከፈለው ቦታ) ነው። ቀጥሎ ጂን ስትይዢ ወፍራሙን ክር ተዪውና 5ኛው ክር፣ 2ኛ ፍሬት ላይ ካለው ቢ ጀምሪ። ከዚያ ኤ ማይነር፤ 5ኛው ክር ክፍት ነው። ኮርዱን ሳትለቂ በትንሿ ጣትሽ 6ኛውን ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ያዢ፤ አሁን ቤዙ ጂ ሆነ። በመጨረሻ ኤፍ፤ 6ኛው ክር፣ 1ኛ ፍሬት።

ሲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ጂ፣ ኤፍ። ደረጃ በደረጃ ወረደ። ኮርዶቹ ያንቺው ናቸው፤ አንድም አልጨመርንም። መጀመሪያ ቤዙን ብቻ ለብቻው ተጫወቺው። ብቻውን ዜማ ከሆነ፣ ኮርድ ሲደረብበትም ያምራል።

ምት ጠባቂ፦
እኔ ደግሞ ችግሩ ኮርዱ ላይ አይመስለኝም። እያንዳንዱን ኮርድ አራት አራት ምት ነው የምትሰጪው አይደል? ጆሮ ሁለተኛው ዙር ላይ ይለምደዋል፤ ቀጥሎ መቼ እንደሚቀየር ያውቃል። ሲን ለስምንት ምት አቆዪው። ጂን ለሁለት ምት ብቻ ነክተሽ እለፊ።

ሌላው፣ ቨርሱን ለምን ሁሌ ከሲ ትጀምሪያለሽ? ሲ ቤትሽ ነው፤ ዘፈንሽ የሚያርፍበት። ከኤ ማይነር ወይም ከኤፍ ጀምሪና ሲን እስከ አዝማቹ ድረስ ደብቂው። አዝማቹ ላይ ሲመጣ ትልቅ ሆኖ ይሰማል።

የጊታር መምህር፦
ልጄ፣ ሁለቱም ጥሩ ነግረውሻል። ግን «እንግዳ ኮርድ ስከት የተሳሳትኩ ይመስላል» ያልሽው ላይ ማንም አልመለሰም። እኔ እዚያ ላይ ልቆይ፤ ተማሪዎቼ ሁሉ የሚቸገሩበት ቦታ ነውና።

እንግዳ ኮርድ ስህተት የሚመስለው ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። በውስጡ ያለ አንድ ድምፅ ከጎረቤቱ መጥቶ ወደ ጎረቤቱ ከሄደ ግን ጆሮ በደስታ ይቀበለዋል። ይህን በዓይንሽ እንድታዪው 3ኛውን ክር ብቻ ተመልከቺ። በዚህ ቅደም ተከተል ተጫወቺ፦

ሲ፣ ኢ ሰቨን፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ኤፍ ማይነር፣ ሲ።

በሲ ላይ 3ኛው ክር ክፍት ነው። በኢ ሰቨን 1ኛ ፍሬት፣ በኤ ማይነር 2ኛ ፍሬት። በኤፍ እዚያው 2ኛ ላይ ይቆያል። በኤፍ ማይነር ወደ 1ኛ ይመለሳል፣ በሲ እንደገና ክፍት ይሆናል። አንድ ክር ላይ ወጥቶ ወረደ። ከስድስቱ ኮርዶች ሁለቱ፣ ኢ ሰቨን እና ኤፍ ማይነር፣ ከሲ ሜጀር ኪይ ውጭ ናቸው። ሆኖም ስትሰሚው የተሳሳተ ነገር የለውም።

ምክንያቱን ማወቅም ይጠቅምሻል። ኢ ሰቨን ውስጥ ጂ ሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ጂ) አለ። ከኤ የሚርቀው በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ወደ ኤ ይስባል፤ ኤ ማይነር ሲመጣ ያርፋል። በዚሁ መንገድ ወደ ሌላ ኮርድም መግባት ትችያለሽ። ልትሄጂበት ያሰብሽውን ኮርድ ያዢ፣ የእሱን ድምፅ አንድ ብለሽ ወደ ላይ እስከ አምስተኛው ድምፅ ቁጠሪ፣ በዚያ ድምፅ ላይ ሰቨን ኮርድ ሥሪና በፊቱ አስቀምጪው። ወደ ዲ ማይነር ከሆነ ኤ ሰቨን፣ ወደ ጂ ከሆነ ዲ ሰቨን።

ኤፍ ማይነር ደግሞ ከሲ ማይነር ኪይ የተዋስነው ነው። ያን የሚያባባ ስሜት የሚሰጠው ኤ በግማሽ ድምፅ ወርዶ ኤ ፍላት መሆኑ ነው። ግን አደራ፣ በአንድ ዘፈን ውስጥ አንዴ ይበቃል፤ ደጋግመሽ ካመጣሽው ስሜቱ ይጠፋል።

ባለጊታሯ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! 3ኛውን ክር እያየሁ ስጫወተው አለቀስኩ ማለት ይቻላል። ግን ኤፍ ማይነር ባሬ (በአንድ ጣት ስድስቱንም ክር መጫን) ሲሆን ጣቴን አቅቶታል፤ ግማሹ ክር አይሰማም።

የቤዝ ሰው፦
ስድስቱንም ክር መያዝ የለብሽም። አመልካች ጣትሽን 1ኛ ፍሬት ላይ በሦስቱ ቀጫጭን ክሮች ላይ አስተኚ። በቀለበት ጣትሽ 4ኛውን ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ያዢ። አለቀ። ወፍራሞቹን ሁለቱን አትምቺ።

ዜማ ወዳድ፦
ከዘፋኝ ወገን አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ኮርዱን የምመርጠው ከዜማው በኋላ ነው። አንድ ድምፅ ይዘሽ ቆዪና ከሥሩ ኮርዱን ቀያይሪ። ለምሳሌ 1ኛው ክር ክፍት ሲሆን ኢ ነው። ኢን እያንጎራጎርሽ ሲን ተጫወቺ፤ ብሩህ ነው። ኤ ማይነር፤ ይከፋዋል። ኤፍ ሜጀር ሰቨን፤ እንደተንሳፈፈ ይቆያል። ድምፁ ያው ነው፣ ትርጉሙ ግን ተቀየረ። ግጥምሽ የሚለውን የሚመስለውን ምረጪ።

ባለጊታሯ፦
ሦስት ቀን ሠራሁበት። ከሦስቱ ዘፈኖች አንዱን በቤዙ መውረድ ቀየርኩት። ሁለተኛውን ከኤፍ ጀመርኩትና ሲን ለአዝማቹ አቆየሁት፤ እውነትም አዝማቹ ተከፈተ። ሦስተኛው ላይ ኢ ሰቨንን አስገባሁ፣ ግን እዚያ ጋ ስዘፍን ድምፄ ከጊታሩ ጋር ይጋጫል። ለብቻው ሲሆን ግን ደህና ነው።

የጊታር መምህር፦
እዚያ ቃል ላይ የያዝሽው ድምፅ የቱ ነው? ጂ ከሆነ ግጭቱ ከዚያ ነው። ኮርዱ ጂ ሻርፕ እያለ አንቺ ጂ ትያለሽ። ወይ ዜማውን ወደ ኢ ወይም ወደ ቢ ውሰጂው፣ ወይ አንቺም ጂ ሻርፕ በይ። ሁለቱንም ሞክሪ።

ባለጊታሯ፦
ጂ ነበር! ጂ ሻርፕ አደረግኩት። ኤ ማይነር ሲመጣ ዜማውም ከ3ኛው ክር ጋር አብሮ ወደ ኤ ወጣ። ዘፈኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ግን እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ አሁንም ውርር ያደርገኛል። ነገ ለጓደኛዬ ሦስቱንም እንደገና እጫወትላታለሁ።