ዲኤክስ ላይ ኤኤፍአር ጌጅ አስገጥሜ ሊን (አየር በዝቷል) ነው ይለኛል፣ ካንዴላው ግን ጥላሸት! እርዱኝ

የሆጤ ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ፣ ደሴ ነኝ። መኪናዬ ዲኤክስ ናት ሞተሯ ፎር ኬ፣ ካርብራተሩን በዌበር ቀይሬ ኮሌክተሩንም (ጭሱን ከሞተሩ የሚሰበስበውን) አሰርቼላታለሁ። አሁን ዋይድባንድ ጌጅ አስመጥቼ፣ ያው አየሩ የቤንዚኑን ስንት እጥፍ እንደሆነ (ኤኤፍአር) ከጭሱ የሚያነበው ነው፣ ሴንሰሩን ከኮሌክተሩ ዝቅ ብሎ አስበየድኩት። ችግሩ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳልረግጥ) 16.8 ይላል ሙሉ ስረግጠው 12.2። ካንዴላውን ሳወጣው ግን የከሰል ምድጃ በሉት፣ ቤንዚን የበዛበት ነው የሚመስለው። መካኒኬ "አየር በዝቷል ጂግለሩን እናስፋው" እያለ ነው (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን የካርብራተር ቀዳዳ)፣ ላሰፋው ወይስ? ኤሌትሪኩን ደግሞ ከሬዲዮው ነው የጠለፈልኝ፣ ችግር አለው?

በርበሬ ወንዝ፦
ኧረ በአላህ ጂግለሩን እንዳትነኩት! ሴንሰሩ የሚያየው ኦክስጅን ነው እንጂ ቤንዚን አይደለም። ከሴንሰሩ በፊት የሆነ ቦታ ጭስ የሚያሾልክ ካለ በዚያው ቀዳዳ የውጭ አየር ይስባል፣ ሴንሰሩም "ሊን" ብሎ ይዋሽሃል። ሚኒሞ ላይ ጭሱ ትንሽ ስለሆነ ውሸቱ ይበዛል፣ ስትረግጠው ይቀንሳል፣ ያንተም ቁጥር እንደዛ ነው የሚመስለው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሳና አንድ ሰው የማርሚታውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ለአፍታ ያዝ ያድርግልህ፣ አንተ ኮሌክተሩ ጋ ጆሮህን ጣል አድርግ፣ ፍስስ የሚል ከሰማህ አገኘኸው።

ቶሳ ስር፦
አንድ ካንዴላ የማይለኩስ ከሆነም እንደዛው ሊን ያሳያል፣ ያልተቃጠለው አየር እንዳለ ስለሚወጣ። እሱንም እይ።

ማሳ ፈላጊ፦
አውቶ ኤሌትሪክ ነኝ። ከሬዲዮው አይሆንም ወንድሜ፣ ያ መስመር ስታርት ስትመታ ይጠፋል። ሴንሰሩ ውስጥ ማሞቂያ አለ፣ ጭስ እየመጣበት ማሞቂያው ከጠፋ ጥላሸት ይበላዋል፣ ዋጋውን ደግሞ ታውቀዋለህ። ቁልፉ ሲዞር የሚመጣ፣ ስታርት ላይም የማይቋረጥ መስመር ፈልግና የራሱን ፊውዝ አድርግለት፣ ማሳውን (ኔጌቲቩን) ቀለም ከተቀባ ቆርቆሮ ላይ ሳይሆን ሞተሩ ጋ ውሰደው። ሴንሰሩ የሚታሰርበት ዳዶ የተበየደው ከቧንቧው ላይ በኩል ነው ወይስ ታች? ማኑዋሉ "ከ10 እስከ 2 ሰዓት" የሚለው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ አንድ ደንበኛዬ በኛ ሰዓት አስልቶ ከቧንቧው ሆድ ስር አስበይዶት ውሃ ተጠራቅሞ ሴንሰሩን ገደለው 😂

የሆጤ ልጅ፦
ተገኘ!! ኮሌክተሩና ቧንቧው የሚገናኙበት ጓርኒሲዮን አንድ ጎኑ ተበልቶ ጥቁር መስመር ሰርቷል፣ እኔ ቅባት ነው እያልኩ ስጠርገው ነበር የከረምኩት። ቀይሬው አሁን ሚኒሞ 12.1፣ ስረግጠው 11.6። ለካ ሪች (ቤንዚን የበዛበት) ነበር፣ ጂግለሩን ቢያሰፋው ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር። የጌጁን የኤሌትሪክ መስመርም ቀየርኩት፣ ዳዶው እንኳን ላይ ነው።

በርበሬ ወንዝ፦
አብሽር። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ካርብራተር ደግሞ ይህን አያውቅም ቤንዚኑን እንደ ድሮው ይለቃል። ኮምቦልቻ እኛ ጋ ከ1,800 ትንሽ ከፍ ያለ ነው፣ ስለዚህ ሀረጎን ወርደህ ስትመጣ ያው ጂግለር ከ0.3 እስከ 0.4 ያህል ወደ ሊን ይሄዳል። ለዚህ ነው ደሴ ላይ ሲረገጥ 13 ላይ አስተካክሎ መጨረስ የማይመከረው፣ 12.5 አካባቢ ተወው። በባቲ አድርገህ ሚሌ ከወረድክ ደግሞ ጭራሽ ይሳሳል፣ ጌጁን እያየህ ንዳ። ዋናው ጂግለርህ ላይ የተጻፈው ስንት ነው?

የሆጤ ልጅ፦
140 ይላል።

በርበሬ ወንዝ፦
1.40 ሚሊ ማለት ነው። 135 ሞክር፣ ካልበቃ 130። ሚኒሞውን ግን ዋናው ጂግለር አይነካውም፣ እሱን በሚክስቸር ብሎኑ ሞተሩ ሞቆ እያለ ሩብ ሩብ ዙር እያጠበቅክ 13 እና 14 መሃል አምጣው።

ቶሳ ስር፦
135 እኔ ጋ ሁለት አለ፣ ነገ ከአስር ሰዓት በኋላ ፒያሳ ና ውሰድ። የድሮውን እንዳትጥለው፣ ቆላ ስትወርድ ትፈልገዋለህ።