የኢንተርላይን ሂሳብ ከወረቀት ወደ ኤስአይኤስ፦ ከየት ይጀመራል?

ሚዛን
ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ በአየር መንገድ የገቢ ሂሳብ ክፍል ለምትሠሩ ነው። ድርጅታችን ትንሽ ነው። የሌላ አየር መንገድ ትኬት ይዞ በእኛ አውሮፕላን የበረረ መንገደኛ ሂሳብ እስካሁን የሚጠየቀው በኤክሴል ዝርዝርና በታተመ ኢንቮይስ ነው። ይህ ኢንተርላይን የሚባለው ሂሳብ ነው። አሁን ወደ አያታ (ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር) ኤስአይኤስ፣ አየር መንገዶች እርስ በርስ ሂሳብ በኤሌክትሮኒክ ወደሚጠያየቁበት ሥርዓት፣ ልንገባ ነው። የመንገደኛ፣ የጭነትና የልዩ ልዩ ሂሳብ አንድ ላይ ይግባ ወይስ በየተራ? ፋይል ሲላክ በብዛት የሚወድቀው በምን ምክንያት ነው? ኦዲተር «ማኅተም ያለበት ወረቀት የታል?» ሲልስ ምን እናሳይ?

ባለ_ኩፖን
ፋይሉ ይቆየን፤ መጀመሪያ የበረራ መዝጊያችሁን አስተካክሉ። አያታ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2008 ወደ ኤሌክትሮኒክ ትኬት ሙሉ በሙሉ ከተሸጋገረ ወዲህ ከመንገደኛ እጅ የሚቀደድ የወረቀት ኩፖን (የአንድ በረራ የትኬት ክፍል) የለም። ገንዘቡን ለመጠየቅ መብት የሚሰጣችሁ የትኬት ቆራጩ (ትኬቱን ያወጣው አየር መንገድ) ሲስተም የሚመልሰው የማረጋገጫ ኮድ ነው፤ «ሳክ» የምንለው። ሳክ የሚመጣው ኩፖኑ «በረረ» ወደሚለው የመጨረሻ ሁኔታ ሲቀየር ነው። የተሳፋሪ መመዝገቢያው ላይ በረራው በትክክል ካልተዘጋ ኩፖኑ «ተመዝግቧል» ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ሳክም አይመጣም። ያለ ሳክ የላካችሁትን ትኬት ቆራጩ ሳያመነታ ይመልሰዋል፤ እሱም ገንዘቡን መልቀቅ አይፈልግማ።

ስለዚህ በየማለዳው የትናንቱን የተሳፋሪ ዝርዝር «በረረ» ከተባሉት ኩፖኖች ጋር አመሳክሩ። የትናንት ጉድለት በአንድ ኢሜይል ይፈታል፤ የከረመውን ግን ማንም ሊከፍትላችሁ አይፈልግም።

ፊም (የተሰናከለ በረራ መንገደኞች ለሌላ አየር መንገድ የሚተላለፉበት ቅጽ) ለብቻው ይታይ። ሌላው አየር መንገድ በረራው ተሰናክሎበት መንገደኞቹን በወረቀት ፊም ካስረከባችሁ፣ ወረቀቱን ስካን አድርጋችሁ ከሂሳቡ ጋር አያይዙ። የሚጠየቀው በሶርስ ኮድ (የሂሳቡን ዓይነት የሚለይ ቁጥር) 14 ነው፤ በኮድ 1 ከሚሄደው ተራ ኩፖን ጋር አትቀላቅሉት።

ዜሮ_ሙላ
ወደ ፋይሉ ልምጣ። ዋናው ጠላት ኤክሴል ነው። የትኬት ቁጥር 13 አሃዝ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአየር መንገዱ ኮድ ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071 ኤክሴል ውስጥ 71 ይሆናል፣ ቀሪው 12 አሃዝም በ«ኢ+11» ተጨራምቶ ይታያል። ዓምዱን ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት ጽሑፍ አድርጉት፤ ከገባ በኋላ ቢቀየር የጠፋው ዜሮ አይመለስም።

ከኤስአይኤስ የፋይል ቅርጾች አይኤስ-አይዴክን የምትልኩ ከሆነ እያንዳንዱ መስመር 500 ቁምፊ ነው፣ ቦታው የተቆረጠ። ገንዘብ ያለ ነጥብ ይጻፍና በግራ በኩል በዜሮ ይሞላል፤ ምልክቱ ለብቻው ነው፣ «ፒ» ለመደመር «ኤም» ለመቀነስ። አንድ ቁምፊ ከተዛነፈ ከዚያ ወዲያ ያለው መስክ ሁሉ ይዛባል። ሌላው ቅርጽ፣ አይኤስ-ኤክስኤምኤል፣ በዚህ በኩል ይሻላል፤ አዲስ ለሚጀምር ሰው እሱን እመክራለሁ።

ድምሮች ከታች እስከ ላይ መግጠም አለባቸው፤ ኩፖን፣ ሶርስ ኮድ፣ ኢንቮይስ፣ ፋይል። እዚህ ሳንቲም ትጥላለች። ለምሳሌ የኩፖኑ ድርሻ (ከትኬቱ ዋጋ ለእናንተ የሚደርሰው) 240.00 ዶላር፣ የኢንተርላይን አገልግሎት ክፍያ (ትኬት ቆራጩ የሚያስቀረው) 9 በመቶ፣ የኤርፖርት ታክስ 35.50 ቢሆን፦ 240.00 ሲቀነስ 21.60፣ ሲደመር 35.50፣ የተጣራው 253.90። 9 በመቶው ከድርሻው ላይ እንጂ ከታክሱ ላይ አይሰላም። በየኩፖኑ አስልታችሁ፣ ወደ ሁለት አሃዝ አጠጋግታችሁ፣ ከዚያ ደምሩ። በጠቅላላ ድምር ላይ 9 በመቶ ብታሰሉ ልዩነት መምጣቱ አይቀርም።

የኢንቮይስ ቁጥር ከ10 ቁምፊ አይበልጥም፣ በዓመቱ ውስጥም አይደገምም። «ፈተና ነበር» ብላችሁ የላካችሁት ቁጥር ተቀባይነት ካገኘ አልቋል፣ ሌላ ስጡ። አንዳንዱ ስህተት አይኤስ-ዌብ (የኤስአይኤስ ድረ ገጽ) ላይ ይታረማል፣ አንዳንዱ ግን ታርሞ እንደገና ካልተላከ አይቀበልም። ስህተቱ የሚዘረዘርበትን የማጣሪያ ሪፖርት ፋይሉን በላካችሁበት ቀን አንብቡት።

ክሊሪንግ
ስለ ቅደም ተከተሉ፦ ብዙ ሰው በልዩ ልዩ ሂሳብ ጀምሩ ይላል፣ ኢንቮይሱ ጥቂት ስለሆነ። አልስማማም። የምድር አገልግሎት ኢንቮይስ በእጅ አይኤስ-ዌብ ላይ ሞልቶ መላክ የኩፖን ችግራችሁን አያሳያችሁም። መጀመሪያ የሚመጣባችሁን ሂሳብ በኤስአይኤስ መቀበል ጀምሩ፤ አወራረዱንም ስታዩት ትለምዱታላችሁ። ቀጥሎ የመንገደኛ ፋይል፣ በአንድ ሸሪክ አየር መንገድ ብቻ። ጭነት በስተመጨረሻ።

መቁረጫው የበረራ ቀን ይሁን፣ የኢንቮይስ ቀን አይሁን። «ከዚህ ቀን ጀምሮ የበረረ በኤስአይኤስ፣ ከዚያ በፊት የበረረ በወረቀት» ካልተባለ አንዱ ኩፖን ሁለት ጊዜ ይጠየቃል።

ወሩ አራት የሂሳብ ዙሮች አሉት። ዙሩ ካለፈ ሂሳባችሁ ወደሚቀጥለው ይዞራል፣ ገንዘቡም እንዲሁ። ክሊሪንግ ሃውሱ (የአየር መንገዶችን ሂሳብ የሚያቻችለው የአያታ ክፍል) የሁሉንም ያቻችልና የተጣራውን ብቻ ያስከፍላል ወይም ይከፍላል፤ ስለዚህ ባንክ የሚገባው ቁጥር ከማንኛውም አንድ ኢንቮይስ ጋር አይገጥምም። ለዚህ የማቻቻያ አካውንት ክፈቱ።

የመንገደኛ ሂሳብ በሪጀክሽን (አልቀበልም ተብሎ በመመለስ) ሦስት ጊዜ ሊመላለስ ይችላል፣ ከዚያ በኋላ በደብዳቤ ነው። እያንዳንዱ ሪጀክሽን የቀደመውን ኢንቮይስ ቁጥርና ዙር በትክክል መጥቀስ አለበት። የጊዜ ገደቦቹን ከያዝነው ዓመት የአያታ የገቢ ሂሳብ መመሪያ ውሰዱ፣ ከጓደኛ አትጠይቁ።

ሚዛን
በጣም አመሰግናለሁ። የኦዲተሩ ነገር ቀረ። የነዳጅ ተጨማሪ ክፍያስ ከድርሻው ጋር ይጠየቃል?

ዜሮ_ሙላ
የነዳጅ ተጨማሪ ክፍያው (ትኬቱ ላይ «ዋይኪው» በሚል ኮድ የሚታየው) እንደ ስምምነታችሁ ነው። ከእያንዳንዱ ሸሪክ ጋር ይከፈል አይከፈል፣ 9 በመቶው ይነካው አይንካው የሚል ሠንጠረዥ ሥሩና ሲስተሙ ውስጥ አስገቡ። ይህ ካልተሞላ ሪጀክሽን ይዘንብባችኋል።

ክሊሪንግ
ለኦዲተሩ፦ ኤስአይኤስ ኢንቮይሱን በዲጂታል ፊርማ ያዘጋጃል፣ በማኅደርም ያስቀምጣል፤ አገልግሎቱ ግን አባልነታችሁን ስታስመዘግቡ መመረጥ አለበት። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆናችሁ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጣል፤ አሳዩት። አትማችሁ ማኅተም መምታት ግን ምንም አይጨምርም፤ ፊርማው ያለው ፋይሉ ላይ ነው፣ ሲታተም ይጠፋል። ለየዙሩ አንድ ማኅደር ይኑር፦ የላካችሁት ፋይል እንዳለ፣ የማጣሪያው ሪፖርት፣ የተፈረመው ፒዲኤፍ፣ የክሊሪንግ ሃውሱ መግለጫ፣ የባንክ መግለጫ። ኦዲተሩ አንድ ኩፖን መርጦ ከበረራ ዝርዝሩ እስከ ባንክ ድረስ መከተል ከቻለ ሌላ አይጠይቅም።