አኑቢያሴ ታችዋ እየበሰበሰ ነው ቶሎ በሉልኝ

ጋፒ_አርቢ፦ ሰላም ቤቶች፣ አኑቢያስ ናና የሚሏትን ትንሿን የአሳ ታንክ ተክል ገዝቼ ነበር ዝም ብላ ቁጭ ነው ምንም አታድግም፣ ዛሬ ጠዋት ሳይ ሁለት ቅጠል ተንሳፏል ሌላውን ስነካው እጄ ላይ ቀረ፣ ታችዋ ልስልስ ብሎ ይሸታል። መብራት ላብዛ ወይስ ማዳበሪያ? አሶቹ ደህና ናቸው

ውሃ_ልክ፦ በመጀመሪያ ደረጃ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፣ ክዳን በሌለው ባልዲ አንድ ቀን ሳታሳድር አትጨምር። ሁለተኛ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለነው፣ ህዳርና ታህሳስ ሌሊት ያለ ሂተር ውሃው ይቀዘቅዛል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ታንኩን በብርድ ልብስ ጠቅልል። ሶስተኛ ፊልተር...

ጋፒ_አርቢ፦ ወንድሜ ስለ ተክሏ ነው የጠየኩት

ሰማያዊ፦ ግማሹን ውሃ ቀይር

የጣና_ልጅ፦ ደንገል ብትተክል ኖሮ እስካሁን ኮርኒስህን ትበሳው ነበር 😂 አራት ሜትር ነው የምትሄደው

ማሬ፦ ቆይ፣ ግንዷን ጠጠር ውስጥ ቀብረሃታል? እሱን ሳትነግረን

ጋፒ_አርቢ፦ አዎ እንዳትነሳ በደንብ ነው የቀበርኳት ሻጩም እንደዛ ነው ያለኝ፣ ተክል አይደለች እንዴ?

ሰማያዊ፦ ውሃ ቀይር አልኩህ እኮ

ማሬ፦ አሁኑኑ አውጣት። ያ ወፍራሙ፣ ዝንጅብል የሚመስለው፣ ሥር ሳይሆን ግንዷ ነው፣ ሲቀበር ይበሰብሳል። የለሰለሰውን በንጹህ ምላጭ ጠንካራው እስኪመጣ ቁረጥና ጣል፣ ቡናማ ቀለም ካየህ ገና ነው ቀጥል። የተረፈውን ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ በክር እሰራት፣ ሱፐር ግሉም ይሆናል ጄሉ ይሻላል። ቀጫጭኖቹ ሥሮች ጠጠር ቢገቡ ችግር የለም

ሞገደኛ፦ አኑቢያስ የጎዳሬ ቤተሰብ አይደለች? ጎዳሬ ይቀበራል ታዲያ ይቺ ምን ልዩ አደረጋት

ማሬ፦ ዘመድ ናቸው አዎ፣ ጎዳሬ ግን አፈር ውስጥ ነው የሚያከማቸው። ይቺ በካሜሩንና በናይጄሪያ ወንዞች ዳር ድንጋይና ግንድ ላይ ተጣብቃ ጥላ ስር ነው የምትኖረው፣ ክረምት ውሃ ይውጣታል በጋ ቅጠሏ አየር ላይ ነው

ሞገደኛ፦ እሺ እሱን ተቀበልኩ። ግን ጠያቂው "አታድግም" የሚለው ራሱ ልክ አይደለም፣ አኑቢያስ ደህና ሆና እንኳ በወር አንድ ቅጠል ብታወጣ ነው። መብራት አብዛና ጥቁር አልጌ ቅጠሉ ላይ ሲለጠፍ ታያታለህ፣ ማዳበሪያውንም ለጊዜው ተወው

ጋፒ_አርቢ፦ ቆረጥኳት፣ የቀረው የአውራ ጣቴን ግማሽ አያህልም አንድ ቅጠል ብቻ አለው ይተርፋል?

ማሬ፦ ጠንካራ ከሆነና ካልሸተተ ይተርፋል፣ ቅጠል ባይኖረውም ሊያበቅል ይችላል። ብቻ በየቀኑ እያወጣህ አትነካካት

ውሃ_ልክ፦ ሙቀቱን ግን እስካሁን አልነገርከንም

ታንክ_ቦሌ፦ 60 ሊትር ታንክ ከነክዳኑ ያገለገለ አለኝ የሚፈልግ በውስጥ ያናግረኝ

የጣና_ልጅ፦ @ጋፒ_አርቢ እንዴት ሆነች? ሳምንት አለፈ እኮ

ሰማያዊ፦ ውሃ ቀይሮ ይሆናል